ያልተወለደው ባለ ርስት

ገና ያልተወለደ ሰው፣ ስም ያልወጣለት፣ በመዝገብ ያልሰፈረ፣ በምርጫ ድምፅ የማይሰጥና በደል ቢደርስበት አቤት የማይል ሰው፣ ዛሬ በሕይወት ባለነው በእኛ ላይ የሚጠይቀው መብት አለውን? ጥያቄው ሲሰሙት ለፈላስፎችና ለመምህራነ ሃይማኖት ጉባኤ ብቻ የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ፣ አሮጌው በጀት በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ አዲሱ በሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት፣ የከተማ ምክር ቤት አባላት ለውሃው መስመር፣ ለመንገዱና ለፍሳሹ ቦይ ገንዘብ ለመደልደል በሚቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ፣ ማንም በግልጽ ሳያነሣው መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ይኸው ነው። አባላቱ ሠላሳና ኀምሳ ዓመት የሚያገለግለውን ሥራ ትተው ለከርሞ የሚታየውን ብቻ የመረጡ እንደ ሆነ፣ ያልተወለደው መብት የለውም ብለው ፈርደዋል፤ ዛሬ ጥቂት ነገር ለራሳቸው ከልክለው እነርሱ ለማያዩት ዘመን የሚተርፈውን የመረጡ እንደ ሆነ ደግሞ፣ መብት አለው ብለው ፈርደዋል። ፍርዱ በቃል ባይነገርም በበጀቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ይህን የመሰለውን ነገር እንዲያው በሐሳብ ብቻ ከመመርመር በአንዲት ከተማ ኑሮ ላይ መመርመር ይሻላልና እኔ ነቀምቴን መርጫለሁ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በ330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋማ ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ በደሌና ወደ ኢሉባቦር፣ እንዲሁም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚሄዱት መንገዶች የሚገናኙባት የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ ናት፤ የወለጋ ቡናም በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረው ለቀምት እየተባለ በእርሷው ስም ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 47,258 ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 75,219 ሆነው ተገኙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከየአገሩ ወጣቱን ይስብላት ጀመር። እንግዲህ በፊተኛው ቆጠራ ጊዜ ስለ ከተማይቱ ውሃ ተቀምጦ ይመክር የነበረ ሽማግሌ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ዙሪያውን ቢመለከት፣ ከሚያያቸው ጠጪዎች ከሦስት አንድ የሚበልጠው እጅ እርሱ በሚመክርበት ሰዓት ወይ ገና ያልተወለደ ወይም ከተማይቱን በዓይኑ ያላየ ሰው መሆኑን ይረዳ ነበር። ያልተወለደው ሰው ሩቅ አይደለም፤ ምክሩ ከማለቁ በፊት ከበር ይደርሳል።

የነቀምቴ ሰማይ ንፉግ አይደለም፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናም ያወርዳል። ሆኖም በበጋው ወራት ቧንቧው በፈረቃ በሚለቀቅበት ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ቢጫውን ጀሪካን ደርድረው ተራ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ በሌሊት ውሃ መጣች የተባለ እንደ ሆነም ቤተ ሰቡ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በርሜሉንና ባልዲውን ይሞላል። ክረምት ሲገባ ያው በበጋ የተናፈቀው ውሃ በቀዩ አፈር ላይ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ የመንገዱ ዳር ቦይም በፌስታልና በደለል ተደፍኖ የቆየ እንደ ሆነ፣ ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ ወደ መንገዱ ይወጣና የአስፋልቱን ጠርዝ ከሥሩ እየቦረቦረ አፈሩን ያጥበዋል፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና የሚመስለው ጥቁር ንጣፍ ከበታቹ ባዶ ሆኖ ይቆይና፣ ቡና የጫነ መኪና ባለፈበት ዕለት ተሰብሮ ይወድቃል። ዝናም ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ ግድብ፣ ማጠራቀሚያ፣ ቧንቧና ቦይ ግን የሰው ምክርና ትጋት ፍሬ ናቸው፤ ጸጋው ከላይ እየወረደ ሕዝቡ ከታች የሚጠማ ከሆነ፣ በመካከሉ የጎደለው አርቆ ማሰብ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አርቆ ማሰብ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ምግባር አይደለም። አንድ የውሃ ሥራ ምንጩ ተጠንቶ፣ ንድፉ ወጥቶ፣ ገንዘቡ ተፈልጎ፣ ጨረታው ወጥቶና ግንባታው ተፈጽሞ ውሃው ከቧንቧ እስኪወርድ ድረስ ሥራውን የጀመረው ከንቲባ በወንበሩ ላይ አይገኝም፤ ሪባኑን የሚቆርጠው ሌላ ነው። ሕጋችን ይህን ድካም የተረዳ ይመስላል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲጸና ይደነግጋል፤ ከእርሱ በታች በየዓመቱ እየተከለሰ የሚሄድ የሦስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ አለ፤ ከሁሉ በታች የአንድ ዓመት በጀት ይመጣል። ሥርዓቱ ከሩቁ ወደ ቅርቡ እየወረደ ቢፈጸም መልካም ነበር፤ ችግሩ የዓመቱ ጩኸት የ10 ዓመቱን ፕላን ሲያሸንፈው ነው። የመጫ ኦሮሞ አበው ይህን ፈተና ያውቁት ነበር። በሕግ አውጪው በመኮ ቢሊ ሕግ ይተዳደሩ የነበሩት እነዚያ ሰዎች በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንዲተላለፍ ሲያደርጉ፣ ተረካቢው በድንገት የሚነሣ ሰው እንዳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ በየእርከኑ እያለፈ እንዲዘጋጅ ሠርተዋል፤ የሥልጣን ዘመን አጭር፣ የሥራ አሳብ ግን ረጅም ይሆን ዘንድ የሚቻለው አስረካቢውና ተረካቢው በአንድ ሕግ ሲታሰሩ ነውና።

በመጽሐፈ ዜና መዋዕል የተጻፈው የንጉሥ ዳዊት ታሪክ ስለዚህ ነገር ካነበብሁት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጠኛል። ዳዊት ለአምላኩ ቤተ መቅደስ ሊሠራ ተመኘ፤ ነገር ግን ሥራው የልጁ የሰሎሞን እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ተነገረው። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ስሜ የማይጠራበትን ሥራ ለምን እደክምበታለሁ ብሎ እጁን በሰበሰበ ነበር፤ ዳዊት ግን በእርጅናው ዘመን ድንጋዩን አስጠረበ፣ ብረቱንና ናሱን አከማቸ፣ የዝግባውን እንጨት አስመጣ፣ ወርቁንና ብሩን መዘነ፣ የሕንፃውንም ምሳሌ ለልጁ ሰጠው፤ ከዚያም ቤቱን ሳያይ ዐረፈ። እስከ ዛሬ ሕንፃው የሰሎሞን መቅደስ ይባላል። ውዳሴ ከንቱን ለማይሻ ሰው ግን የዳዊት ድርሻ ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም ፍሬውን በሚያዩት ፊት ሳይቆሙ መድከም ከፍሬው ጋር ቆሞ ከመመስገን የሚበልጥ ምግባር ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ሰደቃ ጃሪያ የሚሉት፣ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ከመቃብር በታች ሆኖ እንኳ ውሃው እስከ ተጠጣ ድረስ ዋጋው የማይቋረጥበት ምጽዋት፣ ይህንኑ የሚመስል ነው።

ነቀምቴም የራሷ ምስክር አላት። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ፣ ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክሮ መንገዱ ተዘግቶበት ሳለ፣ ከሥራ ባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየደከመ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ አሳተመው፤ ከዚያም በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 በዚሁ ዐረፈ። እስቲ ነገሩን እናስበው፦ እርሱና አስቴር እያንዳንዱን ቃል እየፈለጉ ሲጽፉ አንባቢዎቹ ገና ፊደል ያልቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ያልተወለዱ ነበሩ። ላልነበረ አንባቢ መጽሐፍ ሠሩ፤ መጽሐፉም አንባቢውን ፈጠረ። ለሚመጣው ትውልድ የሚሠራ የማናቸውም ታላቅ ሥራ ባሕርይ ይኸው ነው፤ ውሃውና መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ የሚመጣውን ሰው ከመጠበቅ አልፈው ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ይወስናሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ፦ ገንዘቡ ከማን ይምጣ? አንድ ከተማ ለረጅም ዘመን ሥራ የሚያውለው ገንዘብ ከአራት ቦታ ይገኛል፤ ከነዋሪው ግብር፣ ከመሬት፣ ከብድርና ከእርዳታ። አራቱም በሒሳብ መዝገብ ላይ ያው ብር ቢሆኑም በፍትሕ ሚዛን ላይ አንድ አይደሉም፤ ግብር የእኛ ድካም ነው፣ መሬት የልጆቻችን ርስት ነው፣ ብድር የልጆቻችን ላብ ነው፣ እርዳታ ደግሞ የሌላ ሰው ድካም ነው። ስለዚህ በአንደኛው ሊሠራ የሚገባው ሥራ በሌላኛው ቢሠራ ግፍ ሊሆን ይችላል።

ከአራቱ ንጹሑ ግብር ነው፤ ሰው ካለው ላይ ቆርሶ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥበት ነውና። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ የተደነገገው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ግን ለብዙ ዘመን በአሮጌ ግምት ሲሰበሰብ ስለ ኖረ፣ ባለ ፎቁም ባለ ጭቃ ቤቱም ለከተማው የሚያዋጡት ከሚያገኙት አገልግሎት ጋር ሳይመጣጠን ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅም ይህንኑ ለማቃናት የታሰበ ነው። አዋጁ የሚመዘነው ግን በሚሰበስበው ብር ብዛት ብቻ አይደለም። ባልቴቲቱ በጡረታ የምትኖርበት ቤት ስለ ተወደደ ብቻ የማትችለው ሸክም ከተጫነባት፣ ያልተወለደውን ለመጥቀም በሕይወት ያለችውን መበደል ይሆናል፤ በከተማው መካከል ሰፊ ሕንፃ ያቆመው ባለ ጸጋ አምልጦ ከቀረ ደግሞ፣ ግብሩ ከስሙ በቀር ፍትሕ የለበትም።

መሬት ሌላ ነገር ነው። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጥ የከተማ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይጸናል፤ ይህ ማለት ዛሬ በጨረታ የተሰጠውን ቦታ ከተማይቱ እንደገና ልታዝዝበት የምትችለው የዛሬው ተጫራች የልጅ ልጅ በሚሸመግልበት ዘመን ነው። የሊዙ ገንዘብ ለቧንቧ፣ ለግድብና ለመንገድ ከዋለ ርስቱ ጠባዩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ልጆቻችን በመሬቱ ፈንታ ውሃ አገኙ። ለዓመቱ አበል፣ ለነዳጅና ለስብሰባ ወጪ ከዋለ ግን የአንድ ምዕተ ዓመት ርስት በአንድ ዓመት ውስጥ ተበላ፤ የበላነውም የእኛን ሳይሆን የእነርሱን ነው።

ብድርም ያልተወለደውን ሳይጠይቁ በስሙ መፈረም ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። አዲስ አበባ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብ ዛሬም ትጠጣለች፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሠሩት ሰዎች ወጪውን ሁሉ ለብቻቸው ይሸከሙ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆን ነበር፤ የሚጠጣውም እንዲከፍል ርትዕ ያዝዛልና። ስለዚህ መለኪያው አንድ ነው፦ ሥራው ከዕዳው ረዝሞ የሚኖር እንደ ሆነ ብድሩ ቅን ነው፤ ዕዳው ከሥራው ረዝሞ የሚኖር እንደ ሆነ ግን ልጆቻችን ለፈረሰ ነገር ይከፍላሉ። ሁለተኛም መለኪያ አለ፤ ይህንም የወለጋ ምድር ራሱ አስተምሮናል። በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ብድር በሆሮ ጉዱሩ የተሠራው የፊንጫ ግድብ ለአገሪቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ብርሃን ሰጥቷል፤ ነገር ግን ውሃው የጮመንን ሜዳ ሲሸፍን የግጦሽና የእርሻ መሬታቸውን አጥተው ወደ ዳገቱ የተገፉት ገበሬዎች የብርሃኑ ተካፋይ ሳይሆኑ ዘመናት አልፈዋል። አንዱ ከፍሎ ሌላው የሚጠቀምበት ሥራ ምንም ያህል ዘመን ቢቆም ከመሠረቱ የጎደለ ነው። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ ሕዝቡ በቦንድ ግዢና በመዋጮ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ተማሪው ከኪሱ እያወጣ የተካፈለበት በመሆኑ፣ ሰው የሥራው ባለቤት መሆኑን ካመነ ለሩቅ ዘመን ለመስጠት እንደማይሰስት አሳይቷል። ደዴሳና ዳቡስ በወለጋ ምድር አልፈው ወደዚያው ዓባይ ይገባሉና የወለጋ ሰው በውሃውም በገንዘቡም የዚህ ሥራ ተካፋይ ነው።

እርዳታውን በተመለከተ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች የልማት ፕሮግራም በመጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ቀጥሎ ለ44፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም ለ117 ከተሞች ደርሶ፣ ብዙ ሠፈሮች ከጭቃ ወጥተው ኮብልስቶን ለብሰዋል፣ ቦይም ተሠርቶላቸዋል። ፕሮግራሙ ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው የከተማውን ዕቅድ፣ ሒሳብና አፈጻጸም በየዓመቱ መዝኖ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ሒሳብን በሥርዓት መያዝ የውጭ መዛኝ ስለ መጣ የሚደረግ ነገር ከሆነ፣ መዛኙ በሄደ ማግስት ይቀራል፤ ጽድቅ የሚሆነው ሕሊና መዛኝ ሲሆን ነው።

ስለ መዛኝ ከተነሣ፣ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የንጉሥ ኢዮአስ ታሪክ ለየከተማው ምክር ቤት ሊነበብ የሚገባው ነው። ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ስንጥቅ እንዲጠገን አዘዘ፤ ገንዘቡ በካህናቱ እጅ ገባ፤ ንጉሡ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን ስንጥቁ እንደ ነበረ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን በስቶ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው፤ በሩን የሚጠብቁት ካህናትም ሕዝቡ ያመጣውን ገንዘብ ይጨምሩበት ጀመር፤ ሣጥኑ በሞላ ጊዜም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ በአንድነት ሆነው ይቈጥሩት፣ በከረጢት አስረውም ለሥራው አለቆች ያስረክቡት፣ እነርሱም ለጠራቢውና ለግንበኛው፣ ለእንጨቱና ለድንጋዩ ይከፍሉ ነበር። በመጽሐፉ ንጉሡ አዲስ ግብር አልጣለም፤ ያስተካከለው የገንዘቡን መንገድ ነው፤ ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ተለየ፣ ከሣጥኑ ሲወጣም በሁለት ሰዎች ዓይን ፊት ተቈጠረ፣ ስንጥቁም ተጠገነ። የከተማው ነዋሪ ግብር የሚሸሸው ስስታም ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ሣጥኑን ስላላየው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም መሸሽ አይገባም። ወለጋ ባለፉት ዓመታት በግጭትና በመፈናቀል ብዙ መከራ አይቷል፤ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዘመድ ያጣ፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ያቃተው ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ እየተራበ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ትነግሩታላችሁን? የሚለው ጥያቄ ቅዱስ ቁጣ አለበት። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ያው ጩኸት ደርሶበታል፤ ድኾቹ ለንጉሡ ግብር ስንል እርሻችንን አስይዘናል፣ ልጆቻችንን ለባርነት ሰጥተናል እያሉ አለቀሱ። እርሱም ሥራውን አላቆመም፤ ነገር ግን ባለ ጠጎቹን ሰብስቦ ገሠጻቸው፣ እርሻውንና ወለዱን አስመለሰላቸው፣ ራሱም 12 ዓመት ሲሾም ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። መልሱ ከዚህ ይገኛል፦ የዛሬው ድኻና የነገው ልጅ ጠላቶች አይደሉም፤ ሁለቱንም የሚያስርባቸው በመካከል ያለው ምዝበራ ነው። ውሃ ሳይደርሰው ከተጠማው ሠፈር የሚጀምር ቧንቧ፣ ለተፈናቀለውም የቀን ሥራ ሆኖ የሚቆፈር ቦይ ለሁለቱም ይደርሳል። በነህምያ መጽሐፍ የየቤቱ ሰው በየደጁ አንጻር ያለውን ቅጥር ሲሠራ በስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከቴቁሐ ሰዎች ታላላቆቹ ብቻ አንገታቸውን ለሥራ አላዋረዱም ተብሎ እስከ ዛሬ ይነበብባቸዋል።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ግን መሥራቱ አይደለም፤ መጠበቁ ነው። ቦይ ለመመረቅ ባለ ሥልጣን ይመጣል፤ ቦይ ለመጥረግ የሚመጣ የለም። ቧንቧ የፈነዳበትን ስፍራ መዝጋት፣ የማጠራቀሚያውን ጋን ማጠብ፣ የተቦረቦረውን ጠርዝ ክረምት ሳይገባ መሙላት ስም የማያስገኝ ሥራ ነው፤ ስለዚህም በየበጀቱ መጀመሪያ የሚቆረጠው የጥገናው ገንዘብ ነው። ነገር ግን አዲስ ሠርቶ አሮጌውን የሚተው ትውልድ ለልጆቹ ፍርስራሽን ያወርሳል፤ ቀድሞ ከደከሙት ከአበው የተቀበለውንም አደራ በልቶአል። ያልተወለደው ሰው መብት አለውን ብለን የጀመርነው ጥያቄ ከዚህ ላይ መልሱን ያገኛል፦ አለው፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን ሳንወለድ በደከሙልን ሰዎች ውሃ፣ መንገድና ፊደል የቆምን ነን፤ ለእነርሱ የምንመልስበት መንገድ ስለሌለ ዕዳው ለሚመጡት ተላልፏል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በነቀምቴም ብትኖር በጊምቢ፣ በሻምቡም ብትኖር በደምቢ ዶሎ፣ ወይም በሌላ በማናቸውም ከተማ፣ ግብርህን በጊዜው ክፈል፤ ከፍለህም ዝም አትበል፣ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ በቀበሌህም በምክር ቤቱም ጠይቅ። በሚመጣው ሰኔ በጀቱ ሲቀርብ ሦስት ነገር ይመርመር፦ ከመሬት የተገኘው ገንዘብ ለዘላቂ ሥራ ዋለ ወይ? የተበደርነው ከዕዳው በላይ ለሚኖር ነገር ነው ወይ? አምና የተሠራውን የሚጠብቅ ገንዘብ ተመድቧል ወይ? ለሦስቱም አዎን የሚል መልስ የሌለው በጀት፣ ምንም ያህል ቢጨበጨብለት፣ ሊጸድቅ አይገባም።